መንገዱን ይዘው ተራራ የወጡ መጤ ተክሎች፦ ይነቀሉ፣ ይረጩ ወይስ ይተዉ?

ጥያቄ፦ «በምንጠብቀው ተራራማ ጥብቅ ስፍራ ውስጥ እስከ ሸንተረሩ፣ እስከ 3,400 ሜትር የሚወጣ የጠጠር መንገድ አለ። ከአምስት ዓመት በፊት መንገዱ ሲሰፋ ዳርና ዳሩ ተቆርጦ አፈሩ ተገልብጦ ነበር። አሁን በግራም በቀኝም ቅጠሉ እንደ ሱፍ የለሰለሰ፣ ረጅም ዘንግ ላይ ቢጫ አበባ የሚያወጣ ተክል በቅሏል። ዳንዴሊየን የተባለው፣ ቢጫ አበባ ያለውና ዘሩ በነፋስ የሚበንነው ተክልም እስከ ላይ ደርሷል። ግማሹ ሰው ‹ብርዱ ራሱ ይጨርሳቸዋል፣ አትድከሙ› ይለናል። ሌላው ‹የአየር ንብረት ለውጥ ያመጣው ነው፣ ምንም ማድረግ አይቻልም› ይላል። በዚህ ላይ የተቆረጠው ጥግ አፈሩ እንዳይታጠብ ቶሎ የሚያድግ ሉፒን (የግብጦ ዘመድ) ልንዘራበት አስበናል። እንንቀል፣ ኬሚካል እንርጭ ወይስ እንተወው?»

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ሉፒኑን አትዝሩ። ስለ ሌላው ረጋ ብለን ልንነጋገር እንችላለን፤ አንዴ የተዘራ ሉፒን ግን ተመልሶ አይለቀምም። ምክንያቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ።

የተሰጧችሁ ሁለት ምክሮች የሚቃረኑ ይመስላሉ። አንዱ በብርዱ ይተማመናል፣ ሌላው ብርዱ ከእንግዲህ አያዋጣም ይላል። የሚያደርሱት ግን አንድ ቦታ ነው፤ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ። የሁለቱም ስሕተት ነገሩን የሙቀትና የቅዝቃዜ ጉዳይ ብቻ አድርገው ማየታቸው ነው። ሙቀት ድርሻ አለው። መንገድ ዳር ያያችሁትን ግን በዋናነት ያመጡት የተገለበጠው አፈርና በጎማ፣ በጫማ፣ በጠጠር ጭነት የመጣው ዘር ናቸው። የዓለምን ሙቀት ከአንድ ሸንተረር ላይ ሆናችሁ መመለስ አትችሉም፤ አፈሩንና ዘሩን ግን መቆጣጠር ትችላላችሁ። ስለዚህ አሁንም በእጃችሁ ያለ ነገር ብዙ ነው።

ከብርዱ ልጀምር። ከፍ ያለ ተራራና የዋልታ አካባቢ ከዝቅተኛው ምድር ያነሰ መጤ ተክል እንዳለባቸው እውነት ነው። ይሁን እንጂ ያ የሆነው ብርዱ ስለገደላቸው ብቻ አይደለም። ለረጅም ዘመን ወደዚያ የሚወጣው ሰው፣ መንገዱም፣ የሚገለበጠው መሬትም ጥቂት ስለነበረ የሚደርሰው ዘርም ጥቂት ነበር። እነዚህ ሲለወጡ ተራራውም ይለወጣል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በከፍተኛ ስፍራዎች የተፈጥሮ መሬት ላይ ራሳቸውን ያቋቋሙ መጤ ተክሎች ከ1,000 ዝርያ በላይ ናቸው። ሁሉም ወራሪ አይደሉም፤ መኖራቸው ግን ብርድ ብቻውን እንደማይከለክል ይናገራል።

ከዚህ የባሰ ብርድ ማየት የሚፈልግ ወደ አንታርክቲካ ይመልከት። ያ አህጉር የራሱ የሆኑ አበባ የሚያብቡ ተክሎች ሁለት ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1985/86 በጋ በኪንግ ጆርጅ ደሴት፣ በፖላንዱ አርክቶቭስኪ የምርምር ጣቢያ አጠገብ ፖአ አኑዋ የተባለች ትንሽ ሣር ታየች። በከተማ ንጣፍ ድንጋዮች ስንጥቅ ውስጥ የምትበቅል፣ ማንም ልብ የማይላት ሣር ናት። በሰው የተረገጠውንና የተቆፈረውን የጣቢያውን ግቢ ይዛ ቆየች፤ በኋላም የበረዶ ግግር እየሸሸ ወደተወው ባዶ መሬት ተሻገረች። ለማጥፋት የተጀመረው ዘመቻ አንድ በአንድ በእጅ ወደ መንቀል ደረሰ። ልብ በሉ፣ መነሻዋ ጣቢያው ነው። ሰው ያልነካው መሬት ላይ የደረሰችው ከዚያ ተነስታ ነው።

ብርዱ ለምን እንደማይገድላቸው ለመረዳት ከተክሉ ቁመት ጋር መጎንበስ ያስፈልጋል። የአየር ጠባይ ጣቢያ የሚለካው ሙቀት ከመሬት ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ያለውን አየር ነው። ዛፍ የሚኖረው በዚያ አየር ውስጥ ስለሆነ ከአንድ ከፍታ በላይ ይሸነፋል። መሬት ላይ የተለጠፈ ተክል ግን የሚኖርበት ዓለም ሌላ ነው። ፀሐይ በወጣበት ሰዓት የመሬቱ ገጽ ከላዩ ካለው አየር ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊሞቅ ይችላል። በረዶ በሚጥልባቸው ተራሮች ደግሞ ጥልቅ በረዶ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ አፈሩን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ያቆየዋል። በምድር ወገብ አካባቢ ባሉ ተራሮች ይህ ልብስ የለም፤ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ፀሐይ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ ይፈራረቃል። እዚያ ችግኝን የሚገድለው ብዙ ጊዜ ቅዝቃዜው ራሱ ሳይሆን እርጥብ አፈር ውስጥ እንደ መርፌ የሚቆመው በረዶ ነው፤ ለጋውን ሥር ከአፈሩ ጋር ወደ ላይ ያነሣውና ጠዋት ፀሐይ ላይ ይጥለዋል። ከዚህ የሚያመልጠው ሥሩን ቶሎ ወደ ታች የሰደደ ነው።

አንድ ማለዳ ሱፍ ከመሰለው ተክላችሁ አጠገብ ተንበርከኩና እዩት። ቅጠሎቹ መሬት ላይ ክብ ሠርተው ተዘርግተዋል። አመዳዩ የነጣው በጠጉሩ ጫፍ ላይ ነው። መሀል ላይ ጣታችሁን ብታስገቡ የሚያድገው ለጋ እምብርት በተደራረቡ ቅጠሎች ተሸፍኖ ታገኙታላችሁ። ከሥሩም እንደ ካሮት ያለ ወፍራም ዋና ሥር ወርዷል። ይህን ተክል ውርጭ ይጨርሰዋል ብሎ መጠበቅ ዓመታት ማባከን ነው። ብርዱ የሚያደርገው ማዘግየት ነው፤ ዝቅ ባለ ቦታ በሁለተኛው ዓመት የሚያብበው፣ ከፍ ሲል ለማበብ የሚያበቃ ቁመና እስኪያገኝ ተጨማሪ ዓመታት ይፈጅበታል። የዘገየ ነገር ደግሞ የሌለ ይመስላል። ከአምስት ዓመት በፊት የገባ ዘር ዛሬ ገና መታየቱ ከዚህ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ሌላው ነገር የመጡበት አቅጣጫ ነው። ተራራ ላይ የሚገኙ መጤ ተክሎች ከሌላ ተራራ የመጡ ብርድ ወዳዶች ይመስሉናል። በተለያዩ አህጉራት ተራሮች መንገድ ለመንገድ ከታች እስከ ላይ ሲቆጠሩ የተገኘው ግን ሌላ ነው። አብዛኞቹ መጀመሪያ ዝቅተኛው ምድር ላይ የገቡ፣ ሙቀቱንም ብርዱንም የሚችሉ ናቸው። ታች ካሉት ብዙዎች እየተንጠባጠቡ፣ ብርዱን የሚችሉት ብቻ እየቀሩ ወደ ላይ ይወጣሉ። ላይ የምታገኙት ዝርያ ሁሉ ማለት ይቻላል ታችም አለ። ስለዚህ የሸንተረራችሁ በር ያለው መንገዱ የሚጀምርበት ታችኛው ጫፍ ነው። ላይ ላይ ብቻ እየነቀላችሁ የታችኛውን ብትተዉ በየዓመቱ እንግዳ ትቀበላላችሁ።

የሚወጡት ደግሞ ብቻቸውን መቆም የሚችሉ ናቸው። ዳንዴሊየን ባብዛኛው ያለ ማዳቀል ዘር ይሰጣል፤ ንብ ባይመጣ፣ አጠገቡ ሌላ ዳንዴሊየን ባይኖር ግድ የለውም። ፖአ አኑዋ በራሷ የአበባ ዱቄት ትዳቀላለች። አንድ ዘር፣ አንድ ተክል፣ ከዚያ አንድ መንጋ። ነፍሳት በሚያንሱበት ከፍታ ላይ ይህ ትልቅ ጉልበት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ምክንያት። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ የመስክ ሙከራ ሁለት እጅግ የተራራቁ ብርዳማ አካባቢዎችን ወስዶ፣ አንዱን ከሰሜን ስዊድን፣ ሌላውን ከደቡብ ቺሊ፣ በተለያየ ከፍታ ላይ የመጤ ተክሎችን ዘር ዘራ። አንዳንዱ መሬት እንዳለ ተተወ፣ አንዳንዱ ዕፅዋቱ ተነሥቶ አፈሩ ተቆፈረ። ማዳበሪያ ያገኘም ነበር። ለመብቀል፣ ለማደግና ለማበብ ከሁሉ በላይ የወሰነው የመሬቱ መቆፈር ሆነ። ከታየው ልዩነት ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆነው በዚህ ብቻ ተብራርቷል። ብርዳማ አካባቢ ያለውን ነባር የዕፅዋት ምንጣፍ ቀጭን አድርገን እናየዋለን፤ ሆኖም ካልተቀደደ ለዘር ቦታ አይሰጥም። የእናንተ መንገድ ሲሰፋ የሆነው ይህ ነው፤ ምንጣፉ ከላይ እስከ ታች ተተረተረ።

መንገድ ዳር ደግሞ ከተቆፈረ መሬት በላይ ነው። ጠጠሩ ፀሐይ ስለሚይዝ ይሞቃል፣ ከመንገዱ የሚወርደው ውኃ ያጠጣዋል፣ ፎካካሪ የለም፣ አቧራው ንጥረ ነገር ያመጣል። በየጊዜው ግሬደር ሲያልፍበት ዘሩን እየገፋ ያሰራጨዋል። ከመንገዱ ጥቂት አሥር ሜትሮች ራቅ ስትሉ የመጤዎቹ ቁጥር በደንብ ይቀንሳል። ዛሬ የሚያስደስተን ይህ ነው፤ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም መንገዱ ማረፊያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ከዚያ በእግረኛ ዱካ፣ በከብት መረማመጃ፣ አይጥና ፍልፈል በገለበጡት አፈር በኩል ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ።

የአየር ንብረት ለውጥ ታዲያ ምንም አያደርግም ወይ? ያደርጋል። በሰሜን ምሥራቅ ኢጣሊያ ተራሮች በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ የተመዘገበው የዕፅዋት ጉዞ ሲመረመር፣ መጤዎቹ ወደ ላይ የወጡት ከነባሮቹ እጥፍ ገደማ በሚሆን ፍጥነት ነበር። ሙቀቱ ለሁለቱም አንድ ነው። ልዩነቱ መጤዎቹ መንገድና የሰው እጅ የነካው መሬት ላይ መቀመጣቸው ነው። በአምስት አህጉራት የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ሌላ ጥናትም ከተመለከታቸው 11 ተራራማ አካባቢዎች በ10ሩ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ባለ ጊዜ ውስጥ ብቻ የመጤዎቹ ላይኛ ወሰን ከፍ እንዳለ አሳይቷል። ሙቀት ጣሪያውን ከፍ ያደርጋል። ጣሪያው ሥር ማን ገብቶ እንደሚቀመጥ የሚወስኑት ግን ዘርና ባዶ አፈር ናቸው። «ምንም ማድረግ አይቻልም» የሚለው ምክር የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ዘር ጉዞ ሁለት ቁጥሮች ልስጣችሁ፣ ምክንያቱም «በጫማ ስንት ዘር ሊመጣ» የሚል ሰው አይጠፋም። ሰሜን ዋልታ አጠገብ ባለው የስቫልባርድ አውሮፕላን ማረፊያ የ259 መንገደኞች ጫማ ተመርምሮ 1,019 ዘር ተገኘ፤ ለአንድ ሰው አራት ገደማ ማለት ነው። ከተዘሩት ውስጥም ሩብ ያህሉ በአካባቢው ብርድ አምሳያ በቀሉ። ወደ አንታርክቲካ የሚሄዱ ሰዎችና ዕቃዎቻቸው ሲፈተሹ ደግሞ ዘር የተገኘው በጫማ ብቻ አልነበረም፤ በቦርሳ ኪስ፣ በካልሲ፣ በሚጣበቅ ማሰሪያ ውስጥም ነበር። በአማካይ ለአንድ ሰው 9.5 ዘር። የራሳችሁን ቦት ጫማ ገልብጡና በጥርሶቹ መሀል የደረቀውን ጭቃ በስፒል ፈቅፍቃችሁ ነጭ ወረቀት ላይ አራግፉት። ከዚያ በኋላ ክርክር አያስፈልግም።

ወደ ሁለቱ ተክሎቻችሁ ልምጣ። እኩል ልትይዟቸው አይገባም።

ዳንዴሊየኑን በመንገዱ ዳር እስካለ ድረስ ተዉት። ይህ ብዙ ተፈጥሮ ወዳድን ያስከፋል፣ እኔ ግን ጉልበታችሁን ላድን ነው። ዋና ሥሩ ሲቆረጥ ከቀረው ቁራጭ መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ዘሩ በነፋስ ይመጣል፣ ታችኛው ምድር ሁሉ ሞልቶታል። ለማጥፋት መሞከር ባዶ አፈር እየቆፈሩ አዲስ ማሳ ማዘጋጀት ነው። መጤ ሁሉ ወራሪ አይደለም፤ አብዛኛው መጤ መንገድ ዳር ተቀምጦ የሚቀር ነው። ዳንዴሊየንን የምትዋጉት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ከመንገድ ወጥቶ እንደ ትራስ የተደፈጠጡት ነባር የከፍታ ተክሎች ውስጥ ሲገባ። በማዕከላዊ ቺሊ አንዲስ እንደተስተዋለው እነዚያ ትራሶች ነፋስና ድርቀት ስለሚከላከሉ ለነባሩም ለመጤውም ችግኝ ሞግዚት ይሆናሉ፤ ዳንዴሊየንም ከባዶው መሬት ይልቅ በውስጣቸው ይሻለዋል። በዚያው ተራራ የተደረገ ሌላ ሥራ ደግሞ የዳንዴሊየን አበባ የነባሮቹን ንቦች የሚሻማው በብዛት ሲበቅል ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ጥቂት ሲሆን ጉዳቱ አይታይም። ስለዚህ ትራሶቹ ውስጥ በርክቶ ሳይታይ፣ ሁለትና ሦስት እያለ፣ ሥሩን ይዛችሁ በቀጭን መንቀያ አውጡት።

ሱፋማው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ገለጻችሁ ቨርባስከም ታፕሰስን፣ ቀጠጢና የምንለው ወገን ዘመድ የሆነውን መጤ፣ ይመስላል። ይመስላል ያልኩት በጥንቃቄ ነው። የዚህ ወገን ዝርያዎች በብዙ ተራሮች ነባር ናቸው፤ በጠጉራም ቅጠሉና በቢጫ አበባው ብቻ ፈርዳችሁ የራሳችሁን ተክል ነቅላችሁ እንዳትጨርሱ። አንድ ሙሉ ተክል ከነአበባው በጋዜጣ መሀል አድርቁና ዕፅዋት መለየት ለሚችል ባለሙያ አሳዩ። መልሱ እስኪመጣ የአበባውን ዘንግ ብቻ መቁረጥ ትችላላችሁ፤ ነባር ሆኖ ቢገኝ የአንድ ወቅት ዘር ብቻ ነው የጎደለው።

መጤው መሆኑ ከተረጋገጠ አትዘግዩ። አንድ ተክል ከ100,000 በላይ ዘር ሊሰጥ ይችላል፤ ዘሩ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ክንፍም ጠጉርም ስለሌለው አብዛኛው ከእናቱ ጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ይወድቃል። ይህ የእናንተ ዕድል ነው፤ አዲስ መንጋ ከሩቅ በነፋስ አይመጣባችሁም፣ የሚያጓጉዘው ጎማና ግሬደር ነው። ክፉው ነገር ዘሩ አፈር ውስጥ የሚቆይበት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 በሚሺገን አንድ የዕፅዋት ሊቅ ዘር የሞላባቸው 20 ጠርሙሶች ቀብሮ ነበር፤ በ2021 ከመካከላቸው አንዱ ሲወጣ፣ ከ141 ዓመት በኋላ ማለት ነው፣ የበቀሉት የዚሁ የቨርባስከም ወገን ዘሮች ነበሩ። ይህን ስሰማ የሚታየኝ በግሬደር የተገለበጠ የመንገድ ዳር ነው። የተቀበረው ዘር ብርሃን እስኪያይ ይተኛል፤ አፈሩን የገለበጠ ሁሉ ይቀሰቅሰዋል።

ደግነቱ አነቃቀሉ ቀላል ነው። ተክሉ አንዴ ብቻ አብቦ ይሞታል፣ ከሥር ቁራጭ አያቆጠቁጥም። ቅጠሎቹ ከሚገናኙበት አንገት ዝቅ አድርጋችሁ ሥሩን ከቆረጣችሁት አለቀ። ስለዚህ ዶማ አታንሡ። ጠባብ፣ ስለታም መቁረጫ ከአፈሩ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ አስገቡና ቁረጡ፤ የተነሣውን አፈር በእግራችሁ ጠቅጥቁ፣ ላዩን በድንጋይ ወይም በደረቅ ነባር ሣር ሸፍኑ። ጉድጓድ ትታችሁ ከሄዳችሁ ከሥሩ ላለው ዘር መስኮት ከፈታችሁለት ማለት ነው። ዘንጉ ከታች ወደ ላይ እየተከፈተ ስለሚያብብ ጫፉ ገና እምቡጥ ሳለ ታችኛው ፍሬ ሊበስል ይችላል። የተቆረጠ ዘንግ መሬት ላይ አይጣል፤ ቆሞ የነበረው ፍሬ ተኝቶም ይበስላል።

ኬሚካሉን አልመክርም። በመርሕ ስለምቃወመው አይደለም፤ በሜዳ ላይ ሰፊ ማሳ ሲይዝ አንዳንዴ ሌላ መንገድ የለም። እዚህ ግን ሦስት ነገር ይከለክለኛል። ያ ሱፍ ጠብታውን ከቅጠሉ ቆዳ አርቆ ይይዘዋል፣ በቂ መድኃኒት ወደ ውስጥ አይገባም። በብርድ ተክሉ ዝግ ብሎ ስለሚሠራ የሚገባውም ወደ ሥር ለመውረድ ይዘገያል፣ አፈር ላይ የወደቀውም ለመበስበስ ጊዜ ይወስዳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተራራ የወንዝ ራስ ነው፤ የመንገዱ ቦይ የሚያወርደው ታች ያለ ሰው የሚጠጣው ውኃ ነው። በተጨማሪም መርጨት ነባሩን ሣር ገድሎ ባዶ መሬት ይተዋል፤ ወዳጅነቱ ለቀጣዩ መጤ ነው።

አሁን ስለ ሉፒኑ። ሐሳባችሁ መልካም ነው፣ አፈሩ ይታጠባል፣ ገደሉ ይናዳል። ያንኑ መልካም ሐሳብ ይዘው የተነሡ ግን ነበሩ። አይስላንድ እ.ኤ.አ. በ1945 የተራቆተውን መሬቷን ለማልበስ ከአላስካ ኑትካ ሉፒን አስገባች። ተክሉ ከአየር ናይትሮጅን እየወሰደ ባዶ አሸዋ ላይ ይበቅላል። የተባለውን አደረገ፣ አፈር ያዘ። ከዚያ አላቆመም፤ ሰማያዊው አበባ ከተራቆተው መሬት አልፎ ጤነኛው የቁጥቋጦና የድንጋይ ሽበት ምንጣፍ ውስጥ ገባ፣ አፈሩንም አደለበው። ብርዳማ አፈር ላይ የኖሩ ተክሎች በድህነት የለመዱ ናቸው፤ አፈሩ ሲደልብ ቦታውን የሚይዙት ፈጣኖቹ ናቸው። ሉፒኑ ቢነቀል እንኳ ናይትሮጅኑ ይቀራል። ኒውዚላንድም የሚናድ ተራራ እንዲይዝላት ኮንቶርታ ፓይን የተባለ ጥድ መሰል ዛፍ ተከለች፤ ቀላል ዘሩ በነፋስ ኪሎ ሜትሮች ይሄዳል፣ ዛፉም የአገሩ ዛፍ ከሚቆምበት ወሰን በላይ ይበቅላል። ዛሬ እሱና መሰሎቹ በራሳቸው የተስፋፉበት መሬት ከ1.8 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ነው።

ከታች ተንጠባጥቦ የሚወጣውን ብርዱ ያጠልለዋል ብዬ ነበር። ሰው ከሌላ ብርዳማ አገር መርጦ ያመጣውን ተክል ግን ምንም አያጠልለውም፤ ብርዱን ለምዶ ነው የሚመጣው። ለከፍተኛ ተራሮች ከሁሉ የሚያሰጋው ይህ ነው፤ ለአፈር ጥበቃ፣ ለግጦሽ፣ ለበረዶ ሸርተቴ ሜዳ፣ ለጓሮ ውበት ተብሎ በቀጥታ የሚገባው። በአውስትራሊያ ኮሺየስኮ ብሔራዊ ፓርክ ከአውሮፓ የመጣውን ብርቱካንማ የሆክዊድ አበባ ለማግኘት አሽታች ውሾችና ድሮኖች እስከማሰማራት ደርሰዋል። እናንተ ገንዘብ ከፍላችሁ ልትዘሩት ያሰባችሁት የዚያ ዓይነቱን ነው።

ለተቆረጠው ጥግ መፍትሔው ይዘገያል፣ ይሠራል ግን። መጀመሪያ ውኃውን ከላይ በቦይ ጥለፉ፤ ተክል ብቻውን ጎርፍ አያቆምም። ጥጉን በደረጃ በደረጃ ድንጋይ ያዙ። ከዚያው ከፍታ፣ ከዚያው ተራራ የነባር ሣር ዘር ሰብስባችሁ ዝሩ፤ ከታች የመጣ ዘር ስሙ አንድ ቢሆንም ብርዱን ላይችል ይችላል። ዘሩ እስኪይዝ በቃጫ መረብ ሸፍኑት። ወደፊት መንገድ የሚቆረጥ ከሆነ የላይኛው ሣር ከነአፈሩ እንደ ምንጣፍ ተገፍፎ ይቀመጥና ሥራው ሲያልቅ ተመልሶ ይነጠፍ። ማዳበሪያ አትጨምሩ፤ የሚያደልበው መጤውን ነው።

ሊሳካ ይችላል ወይ ካላችሁ፣ የሚወስነው ስፋቱ ነው። በካሊፎርኒያ የአረም ማጥፋት ዘመቻዎች ተመዝግበው ሲታዩ ከአንድ ሄክታር በታች የነበሩት አብዛኛውን ጊዜ ጠፍተዋል። ከ1 እስከ 100 ሄክታር የያዙት የተሳካላቸው ሲሶ ያህሉ ናቸው፤ ከ101 እስከ 1,000 ከደረሱት ሩብ ያህሉ። ከ1,000 በላይ ሲሆን ተስፋው እጅግ ቀጭን ነው። መንገዳችሁ ረጅም ቢሆንም ዳሩ ጠባብ ነው፤ ተክሉ የሚሸፍነው መሬት ሲደመር ከሁለት ከሦስት ሄክታር አይበልጥ ይሆናል። ይህ መስኮት ክፍት ሆኖ አይቆይም። በደቡብ አትላንቲክ ጎፍ ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ1998 የተገኘችው ሳጂና የተባለች ደቃቅ ተክል አፈሩን እየገፈፉ፣ የፈላ ውኃ እያፈሰሱ ለዓመታት ተዋግተዋታል፤ ዘሯ አፈር ውስጥ ስለሚጠብቅ ሥራው ከአንድ ወቅት ወደ ብዙ ዓመት ተዘረጋ። ለእናንተም አንድ ዘመቻ አይበቃም። ላዩን ያጸዳችሁትን ቦታ ቢያንስ ለአሥር ዓመት በየዓመቱ መጎብኘት እንዳለባችሁ አስባችሁ ጀምሩ፤ ያን ያህል መቆየት ካልቻላችሁ የምትሠሩበትን ቦታ አጥብባችሁ ያዙ።

የምመክረው አሠራር ይህ ነው። ከሸንተረሩ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ። ትልቁን መንጋ መጀመሪያ ማጥቃት ያጓጓል፣ ግን ከመንጋው ተነጥለው ላይ የወጡት ጥቂቶች ናቸው ነገ አዲስ መንጋ የሚሆኑት። የእያንዳንዱን ቦታ በስልካችሁ ጂፒኤስ መዝግቡ። ከመንገድ ወጥቶ ነባር ሣር ውስጥ የገባ ካለ ከሁሉ አስቀድሙት። በመንገዱ ታችኛ ጫፍ ብሩሽና ውኃ አስቀምጡ፤ የሚወጣ ጫማና ጎማ ሁሉ እዚያ ይጽዳ። ግሬደሩን የሚልከው አካል ከላይ ወደ ታች እንጂ ከታች ወደ ላይ እንዳይጠርግ፣ ማሽኑም ታጥቦ እንዲገባ በጽሑፍ ጠይቁ። ለጥገና የሚመጣው ጠጠርና አፈር ከየት እንደሚወጣ ራሳችሁ ሄዳችሁ እዩ፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቨርባስከም ቆሞ ካገኛችሁ ያ ጭነት አይግባ።

የመጀመሪያው ዙር መሆን ያለበት ዘንጎቹ መውጣት እንደጀመሩ፣ የታችኛው ፍሬ ቡናማ ከመሆኑ በፊት ነው። ፍሬ ይዞ የደረሳችሁበትን ዘንግ አታወዛውዙት፤ መጀመሪያ ከላይ ከረጢት አልብሱት፣ የከረጢቱን አፍ ከሥር እሰሩ፣ ከዚያ ቁረጡ። ከረጢቱ ሳይፈታ ወደ ታች ወርዶ ይቃጠል። ጫማችሁን እዚያው፣ ተክሉ በነበረበት ቦታ ላይ አራግፉ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ሂዱ።